አሸዋው ይግባ ወይስ ይቅር?

(በድሬዳዋ ለጨው ውኃ ዓሣና ኮራል አርቢዎች ከተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አሰላሙ አለይኩም። በዚህ ሙቀት ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለ አሸዋ ለመስማት መምጣታችሁ ራሴንም አስገርሞኛል። አሸዋ ለድሬዳዋ ሰው ምን ብርቅ ነው? ወንዛችን ደቻቱ ሙሉ አሸዋ አይደለም እንዴ? በድሬ ወግ «አንተ» እያላችሁ ብታቋርጡኝ አልቀየምም፤ ከሌላ አገር የመጡ እንግዶቻችን ግን ሽማግሌው ተዋረደ ብለው እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ልንገራቸው።

የተሰጠኝ ርዕስ አጭር ነው። የኮራል አኳሪየም፣ ማለትም የባሕር ዓሣና ኮራል በቤት የምናሳድግበትን የመስታወት ገንዳ፣ ስንሠራ ከታች አሸዋ እናንጥፍ ወይስ መስታወቱን ባዶውን እንተወው? ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ አሸዋ በውኃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ። ሁለተኛ፣ ባዶ ወለል ከባለቤቱ ምን እንደሚጠይቅ። ሦስተኛ፣ እኛ ድሬዳዋ የምንኖር ሰዎች ምን ብናደርግ እንደሚሻል። ስናገር መንገድ እንደምስት የሚያውቁኝ ያውቃሉ፤ ስስት መልሱኝ።

እንዲያውም አሁኑኑ ልሳት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በባቡር ጥገና ነው። ሎኮሞቲቭ አሸዋ ጭኖ እንደሚሄድ ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ እጃችሁን አሳዩኝ። ሦስት ሰው! ባቡር በ1902 እ.ኤ.አ. ስለደረሰባት በተቆረቆረች ከተማ ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ! እንግዲህ ሎኮሞቲቭ የአሸዋ ሳጥን አለው። ሐዲዱ ሲያንሸራትት ነጂው አሸዋውን በቱቦ ከመንኮራኩሩ ፊት ይለቅቃል፤ መንኮራኩሩም ሐዲዱን ይቆነጥጣል። እርጥብ አሸዋ ቱቦውን ስለሚደፍነው አስቀድሞ መድረቅና መነፋት አለበት፤ ይህ ደግሞ የጀማሪ ሥራ ነበር፤ ጀማሪው እኔ ነበርኩ። ያው አሸዋ ኩሽኔታ ውስጥ ከገባ ግን ብረቱን ይፈጨዋል። አለቃችን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «አሸዋ ወዳጅ ነው ጠላት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። «ወዳጅ» ያለውንም «ጠላት» ያለውንም እኩል ይሰድበዋል። «የት ነው ያለው?» ብሎ መልሶ የጠየቀውን ብቻ ሻይ ይጋብዘዋል። እኔ ተሰድቤአለሁ።

ወደ ባሕሩ እንመለስ። አሸዋ ስንል የትኛው አሸዋ ነው?

ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን መነጽር አድርጌ ፊቴን ውኃ ውስጥ ስነክር «ቅርጭ፣ ቅርጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በቀቀን ዓሣ ነው። ከንፈሩ እንደ በቀቀን ምንቃር ነው፤ አለቱንና ኮራሉን ይቆረጥማል፣ በላዩ ያለውን አልጌ ይበላል፣ ድንጋዩን ጉሮሮው ውስጥ ይፈጫል፣ ከዚያ ዋኘት እያለ በኋላው ነጭ ዱቄት ይለቅቃል። ነጭ ደመና! አንድ ትልቅ በቀቀን ዓሣ በዓመት በመቶ የሚቆጠር ኪሎ አሸዋ ያመርታል። ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት የኮራል ደሴት ነጭ አሸዋ፣ አትቀየሙኝና፣ ብዙው የዓሣ ዓይነ ምድር ነው።

ለአኳሪየም የሚፈለገው ይኸው ዓይነት አሸዋ ነው። አራጎናይት ይባላል፤ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኮምጣጤ ቢንጠባጠብበት አረፋ ይደፍቃል። ይህን ሳላውቅ ምን አደረግኩ? ስስት እጄን ያዘኝና ከደቻቱ አንድ ጆንያ አስመጣሁ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ከተማችንን ያስለቀሰው ወንዝ ክረምት ካልሆነ በቀር ደረቅ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ነጻ ነው፤ ለምን ልግዛ? አሥር ጊዜ አጠብኩት፣ አነጠፍኩት፣ ውብ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱን በማግኔት መጥረጊያ ስጠርግ «ጥዝ» አለኝ። ማግኔቱን አወጣሁት። ከሥሩ ጥቁር ጢም አብቅሏል! አሸዋው ውስጥ የነበረው ብረት አዘል ጥቁር ቅንጣት ማግኔቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። መስታወቴ ላይ ስንዝር የሚያህል ጭረት ዛሬም አለ። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ጣቱን ያሳልፍበታል። ስለዚህ የወንዝ አሸዋ አትጨምሩ። የከተማው ፍሳሽ የሚወርድበት አሸዋ ምን ይዞ እንደሚመጣም አስቡ። በዚህ ላይ ክርክር አልቀበልም።

አሁን አሸዋው ምን ይሠራል? ዓሣ ከበላ ያራል፣ ከሰውነቱም አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። የአሸዋ አልጋ ልክ እንደ ድሮው ባቡራችን ባለ ማዕረግ ነው። አንደኛ ማዕረግ ላይኛው ንጣፍ ነው፤ ኦክስጅን እንደልብ አለ፣ አሞኒያ የሚበሉት እዚያ ተቀምጠዋል። ሁለተኛ ማዕረግ ከዚያ በታች ነው፤ ኦክስጅኑ አልቋል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ከናይትሬቱ ውስጥ ኦክስጅን ነጥቀው ይተነፍሳሉ፤ የሚተርፈው ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ሽቅብ ይወጣል። ውበቱ እዚህ ላይ ነው! ውኃ ሳትቀይሩ ናይትሬት ቀነሰላችሁ ማለት ነው። ሦስተኛ ማዕረግ ግን ናይትሬቱም ያለቀበት ጥልቅ ጨለማ ነው። እዚያ ሰልፌት የሚተነፍሱ ተሳፍረዋል፤ የእነርሱ ትርፍ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ታውቃላችሁ? እርሱ ነው፤ ለዓሣም ለሰውም መርዝ ነው።

በዚህ ሁለተኛ ማዕረግ የተማረኩ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ሞናኮ ላይ ዣን ዦቤር ከወፍራም አሸዋ ሥር ወንፊት ዘርግቶ፣ ከወንፊቱ ሥር የውኃ ክፍተት ትቶ ኮራል አሳደገ። አሜሪካ ላይ ሮናልድ ሺሜክ የሚባል የባሕር ትላትሎችንና ቀንድ አውጣዎችን ያጠና ሰው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ደቃቅ አሸዋ በትንንሽ ፍጥረታት ተሞልቶ ይኑር አለ፤ ብዙ ሰው ተከተለው። የበርሊን አርቢዎች ደግሞ ቀደም ብለው ጉዳዩን ለሕያው ድንጋይ፣ ማለትም ባክቴሪያና ትንንሽ ፍጥረታት ላደሩበት የባሕር ድንጋይ፣ እና ለስኪመር፣ ማለትም ቆሻሻውን በአረፋ ገፍፎ ለሚያወጣው መሣሪያ፣ ሰጥተው አሸዋውን እምብዛም አልፈለጉትም። ሁሉም ያማረ ኮራል አሳይተዋል። ስለዚህ «የትኛው ትክክል ነው?» ብላችሁ አትጠይቁኝ። ጥያቄው ሌላ ነው።

ጥያቄው ይህ ነው፤ ቆሻሻው የማን ነው? አሸዋ ካነጠፋችሁ ቆሻሻውን ለትላትሉ፣ ለባክቴሪያው፣ ለቀንድ አውጣው አደራ ሰጥታችሁታል። ባዶ መስታወት ከመረጣችሁ ቆሻሻው የእናንተ ነው፤ ዓይናችሁ ሥር ይቀመጣል፣ በእጃችሁ ታወጡታላችሁ። ሁለቱም ሥርዓት ቆሻሻ አለው። አንዱ ይሸሽገዋል፣ አንዱ ያጋልጠዋል። የተሸሸገው ሁሉ ደግሞ አልጠፋም። ናይትሬት ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ ከዓሣው ምግብ የሚመጣው፣ አልጌን የሚያሰባው ፎስፌት ግን ጋዝ አይሆንም! ልድገመው፤ ፎስፌት ጋዝ አይሆንም። የአራጎናይቱ ቅንጣት ላይ እየተለጠፈ ይከማቻል፣ በዓመታት ሲጠግብ መልሶ ወደ ውኃው ይለቅቃል። «አራት ዓመት ያማረ አኳሪየም በአምስተኛው በአልጌ ተወረረብኝ» የምትሉኝ ሰዎች፣ የምታበሉት ምግብ ሳይለወጥ ምን መጣ? የቆየ ዕዳ ነው የመጣው።

እኔ ራሴ የአሸዋ ሰው ነበርኩ። ርዝመቱ 120፣ ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር በሆነው አኳሪየሜ 12 ሴንቲ ሜትር አነጠፍኩ፤ ከመቶ ኪሎ በላይ አራጎናይት ማለት ነው። ትላትሉ በመስታወቱ ጎን ዋሻ ሲሠራ እያየሁ አመሻለሁ። ባለቤቴ «ቴሌቪዥኑ ተበላሸ እንዴ?» ትለኝ ነበር።

የግንቦት አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ግንቦትን በድሬ ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳው ራሱ ይተነፍሳል። ስምንት ሰዓት ላይ ጥም ቀስቅሶኝ በባትሪ ሳየው ዓሦቹ በሙሉ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን ከፍተዋል። ውኃው 30 ዲግሪ አልፏል። ቆም ብዬ አሰብኩ፤ ፓምፑ ከቆመ ገና ሦስት ሰዓት ነው፤ ዓሣውም ብዙ አይደለም፤ ኦክስጅኑን ማን ጨረሰው? አሸዋው! ያ ሁሉ አደራ የተሰጠው ፍጥረት፣ ያ ሁሉ ባክቴሪያ፣ ይተነፍሳል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ትንፋሹን አይዝም።

ባለቤቴን ቀሰቀስኳት። እርስዋ በጣሳ፣ እኔ በማንቆርቆሪያ አየር እንዲገባው ውኃውን እየቀዳን ከከፍታ መልሰን ስናፈስ አነጋን። አንዳችን ሲደክመን አንዳችን። አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ ይህ ደግሞ ከንግግር ይከብዳል። ጎሕ ሲቀድ መብራቱ መጣ፤ ሁለት ዓሣ ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ሒሳቡን ቁጭ ብዬ የሠራሁት። እስቲ አብረን እንሥራው። ጨዋማ ውኃ በባሕር ጠረፍ፣ በ25 ዲግሪ፣ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከጠረፉ ከአሥር በመቶ በላይ ስለሚያንስ ያው ውኃ እዚህ ከ6 ሚሊ ግራም በታች ይይዛል። ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ደግሞ ወደ አምስት ተኩል ይወርዳል። በመጽሐፍ የምናነበው ምክር የተጻፈው መብራት ለማይጠፋበት፣ ክፍሉ በማሽን ለሚቀዘቅዝበት፣ ብዙ ጊዜም ለባሕር ጠረፍ ከተማ ነው። ለምን እንዳለ እንቀዳዋለን?

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ደረስኩ መሰለኝ። ባዶ ወለል ምን ይጠይቃል? እጅ ይጠይቃል። በየሳምንቱ ቱቦ ይዛችሁ ጥግ ጥጉን ትስባላችሁ፤ ዝቃጩን ከውኃ ቅያሪው ጋር ታወጣላችሁ። አሥር ደቂቃ ነው፤ ግን በየሳምንቱ ነው። በለውጡ ሞገዱን እንደፈለጋችሁ ታበረታላችሁ፤ የሚነሳ አሸዋ የለም። እንደ አክሮፖራ ያሉ ቅርንጫፋም ኮራሎች ብርቱ ሞገድ ይወዳሉ፤ አሸዋ ባለበት ያን ያህል ብትለቁ ጠዋት አሸዋው ኮራሉ ላይ ተከምሮ ታገኙታላችሁ። ድንጋዩ መስታወቱን እንዳይጫነው የምትፈሩ ከሥሩ የኩሽና መክተፊያ የሚሠራበትን ዓይነት ስስ ነጭ ፕላስቲክ አንጥፉ። በወራት ውስጥ ሐምራዊ የድንጋይ አልጌ ይሸፍነዋል፤ ባዶነቱም ይረሳል።

ጉድለቱስ? አለው እንጂ! ባለቤቴ ባዶውን ያየች ቀን «ምንጣፍ የሌለው ሳሎን» ነው ያለችው፤ ልክ ናት። ደግሞም አኳሪየሙ ገና አዲስ ሳለ ከመጠን በላይ ማጽዳት አለ። ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲሆኑ ዳይኖፍላጄሌት የሚባለው ቡናማ ልጋግ ይወርራል፤ እርሱን ማስለቀቅ ከአልጌ ይብሳል። ኮራልም ይራባል። ስለዚህ ንጹሕ ማለት ባዶ ማለት አይደለም፤ ትንሽ ናይትሬት ይኑር።

ትልቁ ጉድለት ግን አሸዋ ቤታቸው የሆኑ ፍጥረታት መኖራቸው ነው። ጎቢ የሚባለው ዓሣና ተኳሹ ሽሪምፕ በአንድ ጉድጓድ ይኖራሉ፤ ሽሪምፑ ማየት ስለማይሆንለት ይቆፍራል፣ ጎቢው ደጃፍ ቆሞ ይጠብቃል፣ የሽሪምፑ አንቴናም ከጎቢው ጀርባ አይለይም። ይህን ጉርብትና ባዶ መስታወት ላይ አታዩትም። ግን ልብ በሉ፤ አሸዋ የምታነጥፉ ሰዎች ድንጋዩን አስቀድማችሁ መስታወቱ ላይ አስቀምጡ፣ አሸዋውን በኋላ ዙሪያውን አፍስሱ። ድንጋይ በአሸዋ ላይ ካቆማችሁ ቆፋሪው ሥሩን ይበላዋል፣ አንድ ሌሊት «ጓ!» ይላል።

ሬስ ከሚባሉት ዓሦችም ብዙዎቹ ሲመሽ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ያድራሉ። አሸዋዬን ካወጣሁ በኋላ አንድ ቢጫ ሬስ ቀረኝ። መብራቱ ሲጠፋ በአፍንጫው መስታወቱን ይወጋል። ይወጋል፣ ይመለሳል፣ ይወጋል። አልጋ የተነጠቀ ሰው! አገጩ ተላጠ። በሦስተኛው ቀን ከኩሽና የባለቤቴን የመስታወት ኬክ መጋገሪያ ወሰድኩ፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ሞልቼ ከድንጋዩ ኋላ አስቀመጥኩለት። ገና እጄን ሳላወጣ ነበር የጠለቀው። አንድ የአሸዋ ጭስ፣ ከዚያ ምንም። ጠዋት መብራቱ በርቶ ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ መጀመሪያ ዓይኑ ይወጣል፣ ግራ ቀኙን ያያል፣ ከዚያ ይነሳል። ስለ መጋገሪያው እስከ ዛሬ እጠየቃለሁ።

አሸዋውን እንዴት እንዳወጣሁ ሳልነግራችሁ አለፍኩ። ይህን በጥሞና ስሙኝ፤ ዓሣ ባለበት የቆየ አሸዋ በአንድ ቀን አትቆፍሩ! አትቆፍሩ! በወፍራም ቱቦ፣ በየእሑዱ ውኃ ስቀይር፣ አንድ ክንድ የሚያህል ጥብጣብ ብቻ ከላይ እስከ ታች እየሳብኩ ስምንት ሳምንት ፈጀሁ። በመሃል አሞኒያ እለካለሁ። በጎን ስታዩት ላይኛው ነጭ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ አመድማ፣ መስታወቱ ሥር ጥቁር ነበር። ጥቁሩ ባልዲ ውስጥ ሲወድቅ ቤቱ ሁሉ እንቁላል እንቁላል ሸተተ። ያ ተነቅንቆ ውኃው ውስጥ ቢፈስ ምን ይሆን ነበር?

እንግዲህ ሦስተኛው፤ በድሬዳዋ ምን እናድርግ? እዚህ ላይ አጭር ነኝ። ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ለመብራት መቋረጥ መጠባበቂያ ባትሪ ከሌላችሁ፣ ባዶ ወለል። ዓይናችሁ ነጭ አሸዋ ካላየ የማይጠግብ ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ አትለፉ፤ ቅንጣቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በየሳምንቱ ሲሶውን በቱቦ እያጠባችሁ በሦስት ሳምንት ዙሩት። ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲ ሜትር የምታነጥፉ ሰዎች ግን፣ ብዙዎቻችሁን አውቃችኋለሁ፣ ቆሻሻ ለመሸሸግ በቂ ነው፣ ናይትሬት በደንብ ለመጨረስ ግን ቀጭን ነው። ሁለት ያጣ ጎመን ይሉታል። ጥልቁን የአሸዋ አልጋ በአኳሪየሙ ወለል ላይ ማንጠፍ የፈለገ ደፋር ካለ ባትሪውን አስቀድሞ ይግዛ፤ ሌሊት ጣሳ የምትይዝ ሚስትም ትኑረው።

አንድ ሌላ ነገር። ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ናት ብላችሁ ከባሕር ኮራል ሰብራችሁ እንዳታመጡ። ድንጋያማ ኮራሎች ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ከሰው ቤት የተራባ ቁራጭ ተዋዋሱ፤ እኔም እሰጣለሁ።

የወጣው አሸዋ? ግቢዬ ውስጥ በከረጢት ተደርድሮ አለ። አጥር የሚሠራ ጎረቤቴ ለሲሚንቶው ጠየቀኝ፤ የጨው አሸዋ ፌሮውን ያዝገዋል ብዬ ከለከልኩት። «ለዓሣ የሰጠኸውን ለሰው ነፈግህ» ብሎኝ ሄደ፤ እስካሁን አልታረቅንም። ታጥቦ ደርቋል፣ እንደ ባቡር አሸዋ ተነፍቷል። ለሬስ መኝታ የሚሆን አንድ አንድ ጣሳ የሚፈልግ ካለ ስትወጡ ንገሩኝ፤ የመጋገሪያ ዕቃውን ግን ከየቤታችሁ አስፈቅዳችሁ ውሰዱ። እሺ፣ ሻዩ መጥቷል። እዚያ ከኋላ እጅዎን ያነሱት እናት፣ ጥያቄዎትን ይቀጥሉ።